ጎጃም፣ ጥር 1933፦ ስቴኑ ለምን አይሆንም? ምንስ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው እንግሊዝ አገር ሊድስ አካባቢ ነው። ኤርሶፍት (የፕላስቲክ ጥይት በሚተኩስ አስመሳይ ጠመንጃ የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ) መጫወት ከጀመርኩ አንድ ወር ሆኖኛል። በ1933 ዓ.ም. ከጃንሆይ ጋር በጎጃም በኩል የገባውን የእንግሊዝ ጦር ወታደር ሙሉ ትጥቅ ለጨዋታ ማሟላት እፈልጋለሁ። እስካሁን ከግማሽ በላዩ ሰማያዊ የተቀባ አስመሳይ ስቴን (የእንግሊዝ አጭር አውቶማቲክ ጠመንጃ)፣ የሱፍ ባትልድረስ (ወታደራዊ ጃኬትና ሱሪ) እና ኤሊ የሚመስል የብረት ቆብ ገዝቻለሁ። ሰማያዊውን በጥቁር ልቀባው ነው። የቀረኝ 450 ፓውንድ ነው፤ ምን ልጨምርበት? ለሚያዝያ 27 በዓል ለብሼውና ይዤው ብወጣስ?»

ምላሽ፦ ከገዟቸው ሦስት ዕቃዎች አንዱም ጎጃምን አልረገጠም። ሰማያዊውን በጥቁር መቀባት ደግሞ ወንጀል ሊሆን ስለሚችል ብሩሹን አሁኑኑ ያስቀምጡ፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል። አስቀድሞ ግን ቀኑ ይስተካከል። በዚህ ሥራ «የእንግሊዝ ጦር» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይወስንም። ልብሱን፣ ጠመንጃውንና የጥይት ኪሱን ስፋት ሳይቀር የሚወስኑት ወሩና ቦታው ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበሩን ተሻግረው ኦሜድላ የገቡት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ቀን 1941። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። (ኦሜድላን ብዙዎቻችን የምናውቃት በፖሊስ ስፖርት ክለብ ስም ነው።) በዚያን ወር ስቴን ገና ኤንፊልድ በሚገኘው የመሣሪያ ፋብሪካ በንድፍና በሙከራ ላይ ነበር። ስሙ ራሱ ከሁለቱ ንድፍ አውጪዎች ከሼፐርድና ከተርፒን፣ እንዲሁም ከኤንፊልድ መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። ለወታደር በብዛት መታደል ሲጀምር ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ሰንብተው ነበር። ኤሊ መሳዩ ቆብ፣ ማርክ 3 የሚባለው፣ ከዚህም የዘገየ ነው፤ በሰፊው የታየው በጁን 1944 ኖርማንዲ ላይ ነው። ባትልድረሱ በዘመኑ ነበረ፤ ነገር ግን ለአውሮፓ ብርድ የታሰበ ወፍራም ሱፍ ነው። ጎጃም የገባው ወታደር የለበሰው ካኪ ነው። እንግዲህ ሦስቱን አንድ ላይ ቢያዩዋቸው በጅዎ ያለው ጥሩ የ1944 የሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ወታደር ነው። አይጣሉት፤ ወይ ለሌላ ጊዜ ያኑሩት፣ ወይ ሸጠው ገንዘቡን ለዚህኛው ያውሉት።

ሁለተኛው መስተካከል ያለበት ነገር ወታደሩ ማን ነው የሚለው ነው። በጎጃም ከጃንሆይ ጋር የዘመተው ኃይል እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ከመጽሐፈ መሳፍንት ወስዶ «ጌዴዎን» ብሎ የሰየመው ነው። ከእሱ በፊት ሳንፎርድ የመራው ተልእኮ 101 የሚባል ቡድን ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ተገናኝቶ ነበር። (አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁለቱንም ስሞች ከትምህርት ቤቶቹ ያውቃቸዋል።) ኃይሉ ወደ 50 የሚጠጉ መኮንኖች፣ 20 ያህል እንግሊዛውያን የበታች ሹማምንት፣ 800 ያህል የሱዳን ወታደሮችና 800 ያህል በከፊል የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ነበሩት። መድፍ አልነበረውም። ጭነቱን የተሸከመው ግመል ነው፤ ግመሎቹም በደጋው አለቁ። ተራው እንግሊዛዊ እግረኛ ወታደር፣ ማለትም እርስዎ ያሰቡት ሰው፣ በዚህ ሰልፍ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ተራው ወታደር የሱዳን ፍሮንቲየር ሻለቃ ሱዳናዊ ወይም የሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ኢትዮጵያዊ ነው።

የእንግሊዝ ሻለቆች የነበሩት በሌላ ግንባር ነው። በከረን ከ4ኛውና ከ5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች ጋር የካሜሮን ሃይላንደርስ፣ የዉስተርሻየርና የዌስት ዮርክሻየር ሻለቆች ተዋግተዋል፤ ከረን ላይ አንዱ ሸንተረር እስከ ዛሬ የሚጠራው በካሜሮኖቹ ስም ነው። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። የብረት ቆብ፣ ሙሉ ማንገቻና ሳንጃ ያለው እንግሊዛዊ እግረኛ ከፈለጉ ዘመቻዎ ከረን ወይም አምባላጌ ይሁን። ጎጃምን ካሉ ደግሞ የሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ወታደር ይሁኑ። እኔ የምመክረው ይህን ሁለተኛውን ነው። ለታሪኩ ትክክል ነው፣ ዕቃው ያነሰ ስለሆነ ወጪው ይቀላል፣ የሚለብሰው ሰው ፊትም ከሚወክለው ሰው ጋር ይገጥማል።

አሁን ወደ ቀለሙ። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ እውነተኛ የሚመስል አስመሳይ መሣሪያ መሸጥን፣ ከውጭ ማስገባትንና መሥራትን የሚከለክለው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የዓመፅ ወንጀል መቀነሻ ሕግ ነው። በደማቅ ቀለም የተቀባ አስመሳይ ዕድሜው 18 ለሞላው ሁሉ የሚሸጠው ቀለሙ እውነተኛነቱን ስለሚያፈርሰው ነው። ያንን ቀለም አንስተው በጥቁር ሲተኩት አስመሳዩን ወደ እውነተኛ መሳይ እየለወጡት ነው፤ ሕጉ ይህንኑ ለይቶ በስሙ ይጠቅሰዋል። ኤርሶፍት ተጫዋች በሕጉ መከላከያ (ከክስ ነጻ የሚያደርገው ምክንያት) አለው፤ ያንን መከላከያ የሚያሳይበት የተለመደው መንገድ ዩካራ የሚባለው ምዝገባ ነው። ዩካራ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የመንግሥት ፈቃድ አይደለም፤ ሻጩ ገዢው በእርግጥ ተጫዋች መሆኑን የሚያጣራበት መዝገብ ነው። ለመመዝገብ በአንድ የተመዘገበ ሜዳ ከ56 ቀን ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መጫወት ያስፈልጋል። እርስዎ አንድ ወር ነው ያልዎት። ስለዚህ ጠመንጃው መጨረሻ ይገዛል፤ እስከዚያ ልብሱና ማንገቻው ይሟላል።

ጠመንጃው ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 1 ማርክ 3 ኮከብ ነው፣ ሌላ አይደለም። «ኮከብ» የሚለው እ.ኤ.አ. በ1916 ለማምረት እንዲቀል የተወሰኑ ክፍሎች የተነሱለትን ሥሪት ያመለክታል። እዚህ ላይ የገበያው ስም ያሳስታል፤ ሻጮች ቁጥር 4ን ሳይቀር በቁጥር 1 የቀድሞ ስም «ኤስኤምኤልኢ» ብለው ይጽፉታል። ቁጥር 4 በብዛት መሠራት የጀመረው በ1941 ስለሆነ ለዚህ ዘመቻ አይሆንም። ልዩነቱን በስም ሳይሆን በዓይን ይለዩት። በቁጥር 1 እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ እንደ አሳማ አፍንጫ ድፍን ያለ የብረት ቆብ አለ፣ ቧንቧውም ከእሱ ወጥቶ አይታይም። የኋላ ማነጣጠሪያውም በቧንቧው ላይ፣ ከግራ እጅዎ ጀርባ ይቆማል። በቁጥር 4 ቧንቧው ከእንጨቱ ወጣ ይላል፣ የኋላ ማነጣጠሪያውም ወደ ዓይን ቀርቦ ቀዳዳ ያለው ነው። እውነተኛው ቁጥር 1 ርዝመቱ 113 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 4 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ በጣም የቀለለ አስመሳይ ካገኙ እንጨቱ እንጨት ላይሆን ይችላልና ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

የአርበኛውን መልክ የሚመርጥ ካለ ነገሩ ይለያል። አርበኛው የያዘው ከጣሊያን የማረከውን ምንሽር ወይም ከጦርነቱ በፊት የገባውን ቤልጅግ ነበር። ቤልጅጉ የማውዘር ቤተሰብ ስለሆነ በገበያ ላይ በብዛት ያለው የጀርመን ማውዘር 98 አስመሳይ ከሩቁ ይተካዋል። ሊ ኤንፊልድ ካላገኙ ይህ ከስቴን እጅግ የተሻለ መውጫ ነው።

አስመሳዮቹ በሁለት ዓይነት ይሠራሉ፤ በሞላና በጋዝ። ጋዙ መልካም ድምፅ አለው፣ አንዳንዱም ቀለህ ይተፋል፣ ፎቶም ያምርበታል። ለሊድስ ክረምት ግን አይሆንም። «አረንጓዴ ጋዝ» የሚባለው በመሠረቱ ፕሮፔን ነው፤ ግፊቱ ከሙቀቱ ጋር ይወርዳል፣ በ0 ዲግሪ በ20 ዲግሪ ከነበረው ግማሹን ብቻ ትንሽ ያልፋል። ጠዋት የተለካው ጉልበት ከሰዓት ሌላ ነው፤ ቫልቩም በብርድ ይፈሳል። የሞላውን ይግዙ። ሞላ ብርድ አይገደውም፣ የማሸጊያ ጎማው ጥቂት ነው፣ ሲበላሽም በአንድ ካቻቪቴ ይፈታል።

ጉልበቱን በተመለከተ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ነገር አለ። ሕጉ በአንድ ቃታ ስበት አንድ ብቻ ለሚተኩስ ኤርሶፍት እስከ 2.5 ጁል፣ በተከታታይ ሊተኩስ ለሚችል ደግሞ እስከ 1.3 ጁል ይፈቅዳል። ሜዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ዝቅ ያደርጋሉ፤ በ0.20 ግራም ቢቢ (የኤርሶፍት ትንሽ የፕላስቲክ ጥይት) ለእጅ ተሳቢ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተኩስ በእጅ ለሚቀባበል ጠመንጃ፣ በሰከንድ 500 ጫማ (2.3 ጁል)፣ ለሌላው 350 ጫማ (1.14 ጁል) የተለመደ ነው። ችግሩ 500 ጫማ የሚተኩስ ሰው ከ30 ሜትር ገደማ በቅርብ ያለ ሰው ላይ መተኮስ አይፈቀድለትም። ዘመናዊው ተኳሽ ለዚያ ሽጉጥ ይይዛል። በ1941 ሽጉጥ የመኮንን ነበር፤ እርስዎ ተራ ወታደር ነዎት፣ ስለዚህ በጫካ ውስጥ 20 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ሲያይዎ እርስዎ ማየት ብቻ ይሆናል ዕጣዎ። መፍትሔው ጉልበቱን መቀነስ ነው። ሞላውን ለውጠው ወደ 1.1 ጁል ያውርዱትና ሜዳው እንደ ማንኛውም ጠመንጃ እንዲቆጥርልዎ አስቀድመው ይስማሙ። ርቀትና ቀጥተኛነት የሚመጡት ከጉልበት ይልቅ ከሆፕ አፑ (ቢቢውን ከሚያሽከረክረው ጎማ) እና ከቢቢው ክብደት ስለሆነ የሚያጡት ከሚገምቱት ያነሰ ነው።

ሞላው ላይ የሚጻፈው ቁጥር በግምት በ0.20 ግራም የሚገኘውን ሜትር በሰከንድ ያሳያል፤ 350 ጫማ 107 ሜትር ስለሆነ ከ100 እስከ 110 ባለው ይጀምሩና ይለኩ። የነበረውን ሞላ በጉጠት ቆርጦ ማሳጠር የተለመደ ብልሃት ነው፤ መጥፎ ብልሃት። የተቆረጠው ጫፍ ጠፍጣፋ ስለማይሆን ፒስተኑን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ሲሊንደሩም በአንድ ጎኑ ይፋቃል። ሲፈቱት ሞላው ታምቆ ስለሚቆይ መነጽር ያድርጉ፣ ጫፉንም ከፊትዎ ያርቁ። ጨዋታ ሲያልቅ ደግሞ ጠመንጃውን ስቦ ማሳደር ሞላውን ያደክመዋል፤ ቢቢውን አውጥተው፣ ወደ መሬት አነጣጥረው፣ ባዶውን ይልቀቁት።

ቢቢው ከ0.28 እስከ 0.30 ግራም ይሁን። 0.20 ለመለኪያ እንጂ ለእንጨትና ለነፋስ አይሆንም። ሜዳው ሲለካዎም በሚጫወቱበት ክብደት እንዲለካ ይጠይቁ፤ አንዳንድ ጠመንጃ፣ በተለይ የጋዙ፣ ቢቢው ሲከብድ ጉልበቱ ከፍ ይላል። ሆፕ አፕ ማለት ቢቢውን ከላይ ነካ አድርጎ ወደ ኋላ የሚያሽከረክረው ጎማ ነው። ከዜሮ ጀምረው ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፤ ቢቢው ቀጥ ብሎ ሄዶ መጨረሻው ላይ ብቻ ቅንጣት ታህል ቀና ሲል ያቁሙ። «ድሮ ጥሩ ነበር፣ አሁን ይረግፋል» የሚባለው ብልሽት ከአሥር ዘጠኙ ዘይት ነው። ባለቤቱ ቧንቧው ውስጥ ሲሊኮን ነፍቶበታል፤ ጎማው ሲወዛ ቢቢውን አይዝም፣ ቢቢው ሳይሽከረከር ይወጣል። ቧንቧው በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይወልወል እንጂ አይቀባ። ዘይት የሚያስፈልገው የፒስተኑ ቀለበት ብቻ ነው፣ እሱም አንዲት ጠብታ።

ከፋብሪካ የወጣው እንጨት እንደ ሳሎን ጠረጴዛ ያብለጨልጫል። የጦር ሜዳ ጠመንጃ እንዲህ አልነበረም፤ በተልባ ዘይት የታሸ፣ የጠቆረና የደበዘዘ ነበር። ብረቱን ፈትተው ያስቀምጡ፣ ቫርኒሹን በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ያንሱ፣ በ240 ያለስልሱ። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አሳልፈውበት ይድረቅ፤ የሚቆመውን የእንጨት ጸጉር በ400 ያንሱት። ይህን ሳያደርጉ ዘይት የቀቡት እንጨት የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ይሻክራል። ከዚያ የተልባ ዘይት በጣም በስሱ፣ በመዳፍ እያሹ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ያልገባውን ይጥረጉ። በቀን አንድ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ይበቃል። ለሥዕልና ለአናጢ የሚሸጠው «የተፈላ» የተልባ ዘይት ማድረቂያ ስላለበት በአንድ ሌሊት ይደርቃል፤ ለምግብ የሚሸጠው ንጹሑ ቀናት ይፈጃል። ወጥ ቤት ያለውን የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት አይተኩበት፤ በደንብ ስለማይደርቅ እንጨቱ እንደ ማር ሲያጣብቅ ይከርማል።

ጥንቃቄ፦ ዘይቱን የጠረጉበትን ጨርቅ ጠቅልለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳይጥሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨመደደ ጨርቅም ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። ውሃ ውስጥ ይንከሩት ወይም ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።

የብረቱን ክፍል ብዙ አይነካኩት። አብዛኛው ክፍል የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ለብረት የሚሸጠው ቀዝቃዛ ማጥቆሪያ ዚንክ ላይ አይሠራም፣ ቡራቡሬ ያደርገዋል። ጠርዙን በጣም ደቃቅ የብረት ሱፍ ነካ ነካ ካደረጉ ይበቃል። የአፈሙዙ ቆብ ብሎኖች ይላላሉ፤ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ያድርጉ፣ ፕላስቲክ ባለበት ግን አይቅረብ፣ ይሰነጥቀዋል። የቁጥር 1 ሳንጃ 43 ሴንቲ ሜትር ስለት ያለው ጎራዴ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ሜዳ የሚገባው የጎማው ብቻ ነው፣ እሱም አፎቱ ውስጥ።

ልብሱ ቀላል ነው፣ ግን ጨርቁ ካልሆነ ምንም አይሆንም። ካኪ ድሪል ማለት ሰያፍ ሽመና ያለው ንጹሕ ጥጥ ነው። ዛሬ «ካኪ» ተብሎ የሚሸጠው፣ መርካቶም ሆነ ሊድስ፣ ብዙው ፖሊስተር የተቀላቀለበት ነው። ከስፌቱ ውስጥ አንድ ክር መዘው በክብሪት ይሞክሩ፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጠር ይሠራል። ኮሌታ ያለው እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ እስከ ክርን ተጠቅልሎ፣ ከታች ሰፊ ቁምጣ። ዚፕ የለም፣ ሁሉም ቁልፍ ነው። አዲስ የተሠሩት ቅጂዎች ቀለማቸው ስለሚያይል አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ገዝተው ሦስት አራት ጊዜ በ60 ዲግሪ ይጠቡ፣ ፀሐይ በተገኘበት ቀን ያስጡት። በረኪና አይንኩ፤ ቀለሙን ከማንሳቱ በፊት ጥጡን ይበላዋል። ልብስ ሰፊ ዘመድ ካለዎ ከተዘጋጀው ይልቅ ማሰፋቱ የሚሻል ይመስለኛል። አቆራረጡ ከባድ አይደለም፣ ልክዎም ይሆናል። ቁምጣው ግን በእንግሊዝ ጫካ ሌላ ፈተና አለው፤ ሳማው ጉልበት ድረስ ነው፣ ቢቢም ባዶ ቆዳ ላይ ያማል። በዚያ ዘመን ረጅም የካኪ ሱሪም ስለነበረ ለጨዋታ ሱሪውን፣ ለፎቶ ቁምጣውን ይልበሱ።

እግር ላይ የሱፍ ካልሲ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ አጭር ገምባሌ፣ ጥቁር የቆዳ ጫማ። ገምባሌው ከታች ወደ ላይ ይጠመጠማል፤ ከላይ ወደ ታች መጠምጠም የፈረሰኛ ነው። በጣም ካጠበቁት ባትዎ ይደነዝዛል፣ ልል ካደረጉት ደግሞ በሩጫ መሐል ይፈታና ይጠልፍዎታል። እግርዎን ትንሽ አጠፍ አድርገው ይጠምጥሙት። ባለ ምስማሩን ወታደራዊ ጫማ ግን ይተዉት፤ እርጥብ እንጨትና ሲሚንቶ ላይ እንደ በረዶ ያንሸራትታል። የጎማ ሶል ያለው ተራ ጥቁር አጭር ቡትስ ማንም አይለየውም።

ማንገቻው፣ ማለትም ሙሉው የሸራ ትጥቅ፣ 37 ፓተርን የሚባለው የ1937 ሞዴል ነው። ቀበቶ፣ ሁለት የትከሻ ማንገቻ፣ ሁለት የጥይት ኪስ፣ ኮዳ ከነመያዣው፣ ትንሿ የጀርባ ቦርሳ፤ ሌላ አያስፈልግም። እዚህም ቀኑ ይመጣል። ማርክ 3 የሚባለው ረዘም ያለ የጥይት ኪስ የተሠራው የስቴን ካዝና እንዲይዝ ስለሆነ አይሆንም፤ አጭሩን ይምረጡ። የመቆፈሪያ መሣሪያው ለ37 ፓተርን የተመለሰው በ1941 ስለሆነ ከጥር እስከ ሚያዝያ ላለው ወታደር ይተዉት። ውስጡ 1940 የተጻፈበትን ቀበቶ ለማግኘት ብዙ መክፈል ግን ከንቱ ነው፤ ማኅተሙ የሚታየው ለእርስዎ ብቻ ነው። የትከሻ ማንገቻዎቹ ጀርባ ላይ ይጣመራሉ፤ አንደኛው ላይ ያለው ቀለበት ሌላውን አሳልፎ ይይዘዋል። ከፊት ጫፋቸው የጥይት ኪሱ አናት ላይ ባለው ዘለበት ይገባል። ቀበቶው ከላላ ኪሶቹ ወደ ጭን ወርደው በሩጫ ጊዜ ይመታሉ፤ ስለዚህ ሸሚዝ ለብሰው፣ ኪሶቹን ሞልተው ነው መለካት ያለብዎት። ሸራው ላይ አረንጓዴ ብላንኮ (የሸራ ማቅለሚያ) አይቀቡ። ለሰልፍ ካልሆነ በዚያ ፀሐይና አቧራ ሸራው ነጥቶ ነበር፣ ብላንኮውም በእንግሊዝ ዝናብ ቀልጦ ካኪውን ያበላሻል። አሮጌው ኮዳ ብረት ሆኖ የተለበጠ ስለሆነ ውስጡ ተልጦ የዛገ ይበዛል፤ ለመልክ ይንጠልጠል፣ የሚጠጡት ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቦርሳው ውስጥ ይሁን።

ለመልኩ ትልቁን ሥራ የሚሠራውና ከሁሉ የሚረክሰው ዝናሩ ነው። የጨርቅ ዝናሩ 5 ኪስ አለው፤ በእያንዳንዱ አምስት አምስት ጥይት የያዙ ሁለት ማጉረሻዎች፣ በድምሩ 50 ጥይት። የሊ ኤንፊልዱ ወታደር ትርፍ ካዝና አይይዝም ነበር፤ ባለ 10 ጥይቱን ካዝና ጠመንጃው ላይ እንዳለ ከላይ በማጉረሻ ይሞላዋል። እውነተኛ የነሐስ ቀለህ ወደ ሜዳ አይውሰዱ፤ ሲወድቅ ይጠፋል፣ ሌላው ተጫዋችም ሲያየው ይደነግጣል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ እንጨት በ78 ሚሊ ሜትር እየቆረጡ ይሙሉት፤ ቅርጹ ከውጭ ያው ነው። ከኪሶቹ አንዱን ባዶ ትተው የቢቢ መሙያውን እዚያ ይደብቁት።

ራስ ላይ፦ በኬንያ በኩል በመጡት የአፍሪካ ሻለቆች ዘንድ የተለመደው ሰፊ ክፈፍ ያለው የሱፍ ባርኔጣ ለጎጃሙ ይሆናል፤ መነጽርም ከሥሩ በደንብ ይገባል። ከረንን ከመረጡ ማርክ 2 የብረት ቆብ ያስፈልግዎታል፣ ያ ሳህን መሳዩ። ከኋላ ክፈፉ ላይ ሦስት ቀዳዳ ያለበት ካጋጠመዎ የደቡብ አፍሪካ ሥራ ነው፤ ለምሥራቅ አፍሪካ ከሁሉ ይስማማል።

መነጽሩ ላይ ታሪክ አይሠራም። የዘመኑን የአቧራ መነጽር አድርጎ መግባት ዓይንን መሸጥ ነው። በአውሮፓው ኢኤን 166 ደረጃ «ኤፍ» የተጻፈበት 6 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ በሰከንድ 45 ሜትር ሲመታው የሚችል ነው፤ ይህ 0.87 ጁል ብቻ ነው። «ቢ» የተጻፈበት በ120 ሜትር ይፈተናል፣ ወደ 6.2 ጁል። ሜዳ ላይ ያለው እጅ ተሳቢ ጠመንጃ 2.3 ጁል ይተኩሳል፤ ሒሳቡን ራስዎ ያድርጉት። «ቢ»ን የሚያሟላው ፊት ላይ ተለጥፎ በላስቲክ የሚታሰረው ዓይነት እንጂ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው አይደለም።

በ450 ፓውንድዎ መጀመሪያ መነጽሩን፣ ቀጥሎ ካኪውንና ጫማውን፣ ከዚያ ማንገቻውንና ዝናሩን ይግዙ፤ ይህን ሁሉ በቀሩት ሳምንታት በኪራይ ጠመንጃ ሲጫወቱ ይለማመዱበት። ምዝገባዎ ሲጸና ጠመንጃው ይመጣል፤ ከገንዘቡ ግማሹን ወይም የበለጠውን እሱ ይወስዳል። ካልበቃ ሰማያዊውን ስቴን እንደተቀባ ዕድሜው 18 ለሞላ ሰው ይሽጡት።

ሚያዝያ 27ን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። ካኪውን፣ ባርኔጣውን፣ ዝናሩን ባዶውን ይልበሱ፤ ጠመንጃው ቤት ይቅር። በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት አስመሳይ መሣሪያን ያለ በቂ ምክንያት በሕዝብ ቦታ መያዝ ራሱ ወንጀል ነው፣ «በዓል ነው» ማለትም በቂ ምክንያት ሆኖ መቆሙን በሌላ ሰው ይሞክሩት እንጂ በራስዎ አይሞክሩት። ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሚያይዎ ሰው የሚያየው ጠመንጃ የያዘ ሰው ብቻ ነው፤ የሚመጣውም ፖሊስ የታጠቀ ነው። ወደ ሜዳ ሲሄዱም ቢሆን በተዘጋ ቦርሳ፣ ካዝናው ወጥቶ፣ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው የሚጓዘው። በዓሉ ላይ ሰዎች ጠመንጃውን ማየት ከፈለጉ አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ፎቶውን ይስቀሉላቸው።